ቀጮዬ፣ ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ቀጮዬ፣

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ አደጉ? እማማስ፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

አምስት ዓመት ሆነ አይደል? መጀመሪያ የደወልሽ ጊዜ ስልኩን አላነሳሁም። ሁለተኛ ስትደውዪ የፊተኛውን ባለማንሳቴ አፍሬ አላነሳሁም። ከዚያ በኋላማ ጭራሽ ጠፋሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰበብ አልደረድርም። ምክንያት ግን አለኝ፤ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። አሁን ከጀመርኩት ሌላውን ሳልጽፍ እተወዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ድሬ ያው ድሬ ናት። ቀኑን ሙሉ እንደ ምጣድ ትግላለች፣ ሲመሽ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከዚራ ያቺ ሻይ ቤታችን አሁንም አለች። ልጅየው ባለፈው “ያቺ ስኳራችንን የምትጨርሰው ጓደኛሽ የት ገባች አቦ?” አለኝ። አዲስ አበባ ናት አልኩት። “እዚያማ ብርድ ነው፣ ስኳር ያስፈልጋታል” አለ። አሁንም አራት ማንኪያ ነው? ተይ ግን፣ በዚህ ዕድሜ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለሃያ አራት የሥራ ባልደረቦቼ የሦስት ቀን ሥልጠና እሰጣለሁ። የፒኤችዲ ተማሪን እንዴት እንደሚያማክሩ ነው ሥልጠናው። አዎ፣ እኔ ነኝ የምሰጠው። ይህን ስታነቢ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። እባክሽ መሃል ላይ አትተዪው፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የጀመረው ዓምና ነው። የደቡብ አፍሪካው ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኖቹ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ከዲኤኤዲ ጋር ሆኖ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አማካሪዎች የሚያዘጋጀው የኦንላይን ኮርስ አለ። ተመዘገብኩ። ላንቺ አልዋሽም፣ ሰርተፊኬቱ ለዕድገት ይጠቅመኛል ብዬ ነው የገባሁት። ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ ማታ ማታ እከታተላለሁ፤ መብራት ሲጠፋ በስልኬ። አንድ ሌሊት ላፕቶፑን ከዘጋሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ማማከርን ማን አስተማረኝ?

ማንም። ክፍል ውስጥ ለማስተማር ኤችዲፒ የሚባለውን የመምህራን ሥልጠና ወስደናል፤ አንቺም ወስደሻል፣ ያን ሁሉ ፖርትፎሊዮ ስንሞላ ታስታውሻለሽ። የፒኤችዲ ተማሪ ሲሰጥሽ ግን የሚደርስሽ አንድ ደብዳቤ ነው። “ዋና አማካሪ ሆነው ተመድበዋል” ይላል፣ ማኅተም አለው፣ አለቀ። ከዚያ የምታውቂውን ትሠሪያለሽ። የምታውቂው ደግሞ አንቺ ላይ የተደረገውን ነው። በነገራችን ላይ ፒኤችዲ ራሱ እኛ አገር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ያማከሩን ሰዎችም ቢሆኑ ማን አሳያቸው? ይህን የምለው ያንቺን አማካሪ ነፃ ላወጣው አይደለም፤ ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንድ ተማሪ አለኝ። ጎልማሳ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሌላ ቦታ እያስተማረ የሚማር። የድሬ ልጅ ነው። ባለፈው መስከረም የመጀመሪያ ምዕራፉን ላከልኝ። አየዋለሁ ብዬ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ የፈተና ሰሞን መጣ፣ የዲፓርትመንት ስብሰባ፣ የእናቴ ሕመም። አንድ ቀን ሌላ ፋይል ስፈልግ አገኘሁት። አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ኢሜይሌን ብመለከት ሦስት ጊዜ ጽፎልኛል። ሦስቱም የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ዶክተር፣ ስለማስቸግርዎ በጣም ይቅርታ።”

ቀጮዬ፣ እጄ ቀዘቀዘ። ይህን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። አንቺ ለአማካሪሽ ስትጽፊው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ፊደል አርሜልሻለሁ።

በማግስቱ ጠራሁት። ከኮርሱ ያገኘሁት አንድ ወረቀት ነበር፤ መነሻው አውስትራሊያ ነው ይላሉ፣ አሁን በብዙ አገር ለአማካሪዎች ሥልጠና ይጠቀሙበታል። ሐሳቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። በግራ “ርዕስ መምረጥ የአማካሪው ኃላፊነት ነው” ካለ በቀኝ “የተማሪው ነው” ይላል። በመሃል ከ1 እስከ 5 ቁጥር አለ። የሚመስልሽ ላይ ታከብቢያለሽ። ተማሪውም ለብቻው ያከብባል። ከዚያ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ታያላችሁ።

በብዙው ተቀራረብን። አንዱ ጋ ስንደርስ ግን እኔ 5፣ እሱ 1። በግራ ያለው አማካሪው ራሱ እየጠራ ሥራው የት እንደደረሰ ይከታተል የሚል ነው፤ በቀኝ ያለው ደግሞ ተማሪው ሲፈልግ ራሱ ይምጣ የሚል። ለምን 5 አልሽ ብትዪኝ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ነፃነት ልስጠው፣ ሲፈልገኝ በሬን ያንኳኳል ብዬ ነው። አንተስ አልኩት። ዝም አለ። ብዕሩን አገላበጠ። “ሳይጠሩኝ ሲቀሩ ሥራው የማይረባ ቢሆን ነው ብዬ...” አለና አልጨረሰውም።

አየሽ? ሁለታችንም በር ላይ ቆመን ነበር። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ። አራት ወር ሙሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። የድሬ ልጅ አይደለም እንዴ? እኛ እኮ አዛውንቱንም ሹሙንም “አንተ” ብለን ነው ያደግነው፤ አዲስ አበባ ስንሄድ ባለጌ እስክንባል። ይሄ ሰውዬ ከቢሮዬ ወጥቶ ባጃጅ ሹፌሩን፣ ሱቅ ያሉትን ሽማግሌ፣ ሁሉንም “አንተ” ይላል። እኔ በር ላይ ሲደርስ “እርስዎ” ይሆናል፣ ትከሻው ይሰበሰባል። አክብሮቱን አልጠላሁትም። ግን ያ ትከሻ “አልገባኝም” ማለት አይችልም። “ዘገዩብኝ” ማለትማ ጨርሶ።

አሁን አንድ ገጽ ስምምነት አለን። በየሁለት ሳምንቱ እንገናኛለን። የላከውን በሦስት ሳምንት ውስጥ አንብቤ እመልሳለሁ፤ ካልቻልኩ ቀኑ ሳያልፍ እነግረዋለሁ። ከየስብሰባው በኋላ የተነጋገርነውን ግማሽ ገጽ ጽፎ ይልክልኛል። ይቺ ግማሽ ገጽ ጉድ ታሳይሻለች። እኔ “ይህን ክፍል ብታስብበት” ያልኩትን እሱ “ይህ ክፍል ይውጣ” ብሎ ጽፎት አገኘሁ። ያን ጊዜ ባላርመው ኖሮ ጥሩ ጥሩ ሃያ ገጽ ይጥል ነበር። አነባበቤንም ቀየርኩ። ድሮ ብዕር ይዤ ኮማና ፊደል አሳድድ ነበር። አሁን መጀመሪያ ብዕሩን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ ሰውዬው ምን ሊል እንደፈለገ እስኪገባኝ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ “እዚህ ላይ አልስማማም” አለኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ለሥልጠናው ስዘጋጅ የስዊድንን ደንብ አነበብኩ። እዚያ አንድ የፒኤችዲ ተማሪ ቢያንስ ሁለት አማካሪ ይኖረዋል። ቀጥሎ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ አማካሪ ይቀየርልኝ ብሎ የጠየቀ ተማሪ ይቀየርለታል ትላለች። ምክንያት አምጣ አትልም፣ ሽማግሌ ላክ አትልም። ሁለቴ አነበብኳት። ያ ማክሰኞ ትዝ አለኝ።

ያ ማክሰኞ “አማካሪ እንዲቀየርልኝ ላመለክት ነው፣ አብረሽኝ ግቢ፣ ምስክር ሁኚኝ” አልሽኝ። ክፍለ ጊዜ አለኝ አልኩሽ።

ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። ግቢውን አቋርጠሽ ፎልደሩን ደረትሽ ላይ ይዘሽ ብቻሽን ስትሄጂ አየሁሽ። አማካሪሽ የእኔንም ጽሑፍ የሚገመግመው ኮሚቴ ውስጥ ነበር፤ ዲፌንሴ፣ ጽሑፌን ቆሜ የምከላከልበት ቀን፣ ሁለት ወር ቀርቶታል። ፈራሁ። ከዚያ በፊትም “ታገሺ፣ ትልቅ ሰው ነው፣ አታስቀይሚው” እያልኩ ያቆየሁሽ እኔ ነኝ። ሰባት ወር ይዞት የመለሰልሽን ድራፍት አብረን ገልጠን አይተነዋል። የእርሳሱ ምልክት ገጽ 9 ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ከማተሚያው እንደወጡ ነጭ ነበሩ። ያኔም ታገሺ አልኩሽ።

ስልክሽን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። አንቺ ትተሽ ሄድሽ፣ እኔ ጋውን ለበስኩ። “እንኳን ደስ አለሽ” ልትዪኝ እንደደወልሽ አውቅ ነበር። እሱን መስማት አልቻልኩም።

እና ሥልጠናው። ባለፈው ሳምንት ሐሳቡን ዲፓርትመንት ላይ ሳቀርብ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን እጃቸውን አወጡ። “እኛን ማን አሠለጠነን? ተንገላተን አይደል ወይ ሰው የሆንነው?” አሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ስምንት ተማሪ ተጭኖባቸው ሦስት ኮርስ ያስተምራሉ። እሱን ሥልጠና አይፈታውም፣ ይህንንም ፊት ለፊት እናገራለሁ። ግን ያኔ አፌን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁት። እዚያ የተቀመጥነው ሁላችንም ያለፍነው ነን። ያላለፉት የሉም። እነሱ እጃቸውን አያወጡም። በመንገላታት ሰው ይሆናል ወይስ ይጠፋል ብለን ስንከራከር ጠፍተው የቀሩት አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ አይገኙም። ሁላችንም ተሰብስበን ስለ ራሳችን እንመሰክራለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ከማንኛውም ስላይድ በፊት፣ የአንድ ሰው ታሪክ መናገር እፈልጋለሁ። ያንቺን። ስምሽን አልጠራም፣ የእሱንም ስም አልጠራም። የራሴን ድርሻ ግን እናገራለሁ፤ መስኮቱን፣ “ክፍለ ጊዜ አለኝ” ያልኩትን። ያለ ፈቃድሽ ግን አንድ ቃል አይወጣኝም። እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፣ ለምን ብዬም አልጠይቅሽም። ጽፈሽ ከላክሽልኝ እንዳለ አነበዋለሁ። ራስሽ ልምጣ ካልሽ ደግሞ... እሱን እንኳን ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም፣ ግን ቤቴ አልጋ አለ፣ ማታ ነፋሻው ሰገነት ላይ እናድራለን። እስከ ግንቦት 25 ብታሳውቂኝ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ ድራፍት እኔ ጋ ነው። ክፍላችንን ስንለቅ ከመጻሕፍቴ ጋር ተቀላቅሎ መጥቶ ኖሯል። ባለፈው እሑድ አውጥቼ አነበብኩት። ሦስቱንም ምዕራፍ፣ 118ቱንም ገጽ። በ1998 ዓ.ም. በድሬው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤታቸውን ያጡ እናቶች የነገሩሽ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው። ስለ ልብስ ሳጥናቸው የነገሩሽ እናት ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ቀጮዬ። ያን ጊዜም ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የምከራከርሽ ሁለት ሦስት ቦታ አለ፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፌበታለሁ።

ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ የአክስቴ ልጅ አለች። እሷ ትያዝልሽ?

የዶርም ጓደኛሽ