ለባልቴና ቤት አራት ገጽ ምን ያደርግለታል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አነስተኛ ንግድ በሚጻፉ ጽሑፎችም ሆነ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በሚሰጡ ሥልጠናዎች፣ ነጋዴው ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ቴሌግራም ላይ ገጽ እንዲከፍት፣ አርማ እንዲያሠራና ስሙን እንዲያስተዋውቅ ደጋግሞ ይመከራል። ምክሩ ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ሁለት ሠራተኛ ይዞ በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጅ የባልቴና ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀነጥስና ሲያስፈጭ ውሎ፣ ማታ አራት ገጽ የሚያስተዳድርበትን ጊዜ ከየት ያመጣዋል? በዚሁ ሥራ የምተዳደር እንደመሆኔ የማየው ተጀምሮ የተተወ ገጽ ነው፤ የመጨረሻው መልእክቱ ያምናው የእንቁጣጣሽ «እንኳን አደረሳችሁ» የሆነ ገጽ ደግሞ፣ ቤቱ የተዘጋ ከማስመሰል በቀር ለባለቤቱ የሚፈይደው ነገር የለም።

በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለ ንግድ አንድ ቦታ ይበቃል፤ እሱም ደንበኛው አስቀድሞ ያለበት ቦታ ነው። በአገራችን ለብዙዎቻችን ይህ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ ምክንያቱም ፌስቡክ የለጠፍነውን ለየትኛው ተከታይ እንደሚያሳይ ራሱ ሲመርጥ፣ ቻናል ላይ የተጻፈው ግን በተራው ተቀምጦ የፈለገ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘዋል። ከላይ ተሰክቶ የሚቆይ አንድ መልእክት ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ ሱቁ የሚገኝበት ቦታ ከታወቀ ምልክት ጋር፣ የሚነሣ ስልክ ቁጥርና የቴሌብር መክፈያው ከተጻፉ፣ አብዛኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ ተመለሰ ማለት ነው።

ዋጋን በተመለከተ ግን ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የለጠፈው ነጋዴ ስልክ ላይ ሲደርስ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ገዢው መልእክት ልኮ፣ መልስ ጠብቆ፣ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ቢሆን አፍሮ ዝም ከሚል ይልቅ ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ይቀለዋል። የዛላ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ መጻፍ አይቻልም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ከዋጋው ጎን «እስከዚህ ቀን ድረስ» ብሎ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው እምነት ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል የሚለው ወሬ፣ አንዳንዴም እውነቱ፣ ሁላችንንም ይጎዳል። ስለዚህ ለአርማ ሠሪ ከሚከፈለው ገንዘብ ይልቅ፣ ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ከዚያም ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ወደ ወፍጮ ሲሄድ በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የበለጠ ይሸጣል። ሙዚቃም ሆነ ተዋናይ አያስፈልገውም፤ ዛላው ከየት እንደመጣ፣ ማረቆም ይሁን ሃላባ፣ የሚናገር የባለቤቷ ድምፅ ይበቃዋል።

ሌላው የሽያጭ መሣሪያችን የቀን መቁጠሪያው ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ የሽሮ ፈላጊ ይበዛል፤ ማስታወቂያው ግን መውጣት ያለበት ከሳምንት ቀድሞ፣ ሰው አስቤዛውን በሚያስብበት ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ደግሞ ጥያቄው ወደ ዶሮ ወጥ በርበሬ ይዞራል። ማን፣ መቼ፣ ስንት ኪሎ እንደወሰደ በአንድ ደብተር የመዘገበ ነጋዴ፣ ለማያውቀው ሺህ ሰው ማስታወቂያ ከመክፈል ይልቅ በርበሬው ሊያልቅበት ለተቃረበ ደንበኛ ቢደውል ይሻለዋል። ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚልክ ደንበኛም ከዚሁ ደብተር ይለያል፤ እሱ የሚፈልገው በደንብ የታሸገና ኪሎው የተጻፈበት ዕቃ ነው፣ ሻንጣ ይመዘናልና።

ሥልጠና የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የግማሽ ቀን ንድፈ ሐሳባቸውን አሳጥረው፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስልኩን አውጥቶ ያንን አንድ መልእክት ከነዋጋው ጽፎ፣ ሱቁንም ጉግል ማፕ ላይ አስመዝግቦ እንዲወጣ ያድርጉ። ጋዜጣችሁም በንግድ አምዱ ከትልልቅ ድርጅቶች ዘመቻ ጎን ለጎን እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች እንዴት እንደሚሸጡ ቢዘግብ ብዙዎቻችን እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የባልቴና ነጋዴ፣ ከአዲስ አበባ