ድራመሩንም እዩት እንጂ!

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን በመዝናኛ ገጻችሁ፣ ያረጁ የሮክ ባንዶች ተመልሰው መድረክ ላይ መውጣታቸው ገንዘብ ፍለጋ ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ምሳሌው ብላክ ሳባት ነው። የኦዚ ኦዝቦርን ድምፅ አልቆ ነበር፣ ቆሞ መዝፈንም አቅቶት ነበር ይላሉ ጸሐፊው። እውነታቸውን ነው። ግን ያዩት ዘፋኙን ብቻ ነው። የእኔ ዓይን ደግሞ ከድራመሩ ላይ አይነቀልም።

አዲስ አበባ እያለሁ በሠርግ ባንድ ውስጥ ድራም እመታ ነበር። ኋላ ኪቦርድ መጣ። ችክችካው በአንድ ቁልፍ መጮህ ሲጀምር እኔ ከነስቲኬ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ በርሚንግሃም ታክሲ እነዳለሁ። አራቱም የብላክ ሳባት ልጆች ያደጉበትን የአስተን ሰፈር በቀን ሁለት ሦስቴ አቋርጠዋለሁ።

በፈረንጆቹ 1970 ብራሰልስ ላይ የተቀረጸ ኮንሰርት አላቸው፤ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ «ፓሪስ» ተብሎ ነው የሚለጠፈው። ድራመሩ ቢል ዋርድ ያኔ 22 ዓመቱ ነው። እነ ጂን ክሩፓን የመሳሰሉ የጃዝ ድራመሮችን እየሰማ ያደገ፣ የጃዝ ጆሮ ያለው ልጅ። «ዋር ፒግስ» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ጊታሩ ሁለቴ መትቶ ዝም ይላል። ኦዚ ሲዘፍን ከሥሩ የሚሰማው የዋርድ ሃይሃት (በእግር የሚከፈቱና የሚገጠሙት ሁለት የድራም ሳህኖች) ብቻ ነው፤ ጽ-ጽ-ጽ-ጽ። ትንሽ ይቸኩላል፣ ትንሽ ይጎተታል። ጨፋሪውን እያየ እንደሚመታ የሠርግ ከበሮ መቺ።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2017 የስንብት ጉዟቸው እዚሁ ከተማችን ሲዘጋ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ዋርድ የለም። የቀረበለት ኮንትራት የሚፈረም አይደለም ብሎ ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። ቦታው ላይ ቶሚ ክሉፌቶስ ነበር። ጉልበቱ ሌላ ነው፣ አንዲት ምት አይስትም። የቶኒ አዮሚ ጊታርማ ለእኔ ከድሮውም በልጦብኛል። (17 ዓመቱ ላይ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦ፣ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ የሠራ ሰው ነው። በዚያ ላይ ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ታሞ የተነሣ።) ግን «ዋር ፒግስ» ላይ ያቺ ሃይሃት ስትደርስ ቀዘቀዝኩ። ልክ ነበረች። በጣም ልክ። ከሥራ ያስወጣኝ ኪቦርድ ትዝ አለኝ። ልጁን መንቀፌ አይደለም፣ እሱ ሥራውን ነው የሠራው።

ጁላይ 5 ቀን 2025 ቪላ ፓርክ ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ ሲገናኙ ትኬት አልደረሰኝም። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ሰው ሳመላልስ ዋልኩ። ሌሊት ቤቴ ገብቼ ስርጭቱን በኢንተርኔት ከፍዬ አየሁት። ኦዚ በፓርኪንሰን ምክንያት ዙፋን ላይ ተቀምጧል። የተጫወቱት አራት ዘፈን ብቻ ነው። ዋርድ ግን ተመልሷል! 77 ዓመቱ ነው፣ ሸሚዙን አውልቆ ይመታል። እጁ ከብዷል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሲቀር ይሰማኛል። ሌሎቹም አብረውት ዘግየት የሚሉ መሰለኝ። ለእኔ የብራሰልሱ ባንድ ያ ነው። የ2017ቱ የተሻለ ተጫውቷል፣ አልክድም። ብላክ ሳባት የሆነው ግን የ2025ቱ ነው። ባለቤቴ ቡና ይዛ መጥታ «እኚህ አባት ብርድ አይመታቸውም?» አለችኝ።

ኦዚ በ17ኛው ቀን ዐረፈ።

ጽሑፋችሁ ውስጥ የዋርድ ስም አንዴም አልተነሣም። ያወጣችሁት የድሮ ፎቶም ላይ የሚታዩት ሦስቱ ናቸው፤ ከድራሙ የቀረችው አንዲት ሲምባል ጥግ ላይ ናት። ሙሉው ፎቶ ካላችሁ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከበርሚንግሃም