እሑድ እሑድ ብቻ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትልቁ ሰባተኛ ክፍል ገባ፤ ቁመቱ እኔን አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። አንዱን ጥርስ «አያቴ ቤት ጣሪያ ላይ ይወርወርልኝ» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። አባታቸው ሥራ ቀየረ፤ አሁን ቅዳሜም ይገባል። የቤት ኪራይ ጨመረብን። ምን ያልጨመረ አለ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አልቀረም።

የእኅቴ ልጅ ደውሎ ነግሮኛል። ያንን ለቁርጥማትሽ የላክሁልሽን ቢጫ ኪኒን፣ ሜቶትሬክሴቱን፣ ሣጥን ውስጥ ከነጠላሽ ሥር አድርገሽዋል አሉ። ጠዋት ጠዋት ጣቶችሽ አልታጠፍ እያሉሽ፣ ሊጥ ማቡካት አቅቶሽ፣ ዲክሎ የሚሉትን ማስታገሻ በየጊዜው እያስገዛሽ ትውጫለሽ። እንዲህ አብዝተሽ ስትወስጂው ኩላሊትና ጨጓራ እንደሚጎዳ ስንቴ ነገርኩሽ? ሜቶትሬክሴቱን ግን «የካንሰር ነው» ብለውሽ ፈራሽ። ማን እንዳለሽም አውቃለሁ። ቡና ላይ ሐኪም የማይሆን የለም።

ግን ሰውዬዋ አልዋሸችም። እውነትም የካንሰር መድኃኒት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው እማዬ፤ አንድ ሴል ሁለት ከመሆኑ በፊት ዲ ኤን ኤውን መገልበጥ አለበት። ለዚህ ከጎመንና ከምስር የምናገኘው ፎሌት ያስፈልገዋል። ፎሌት እንደ እንስራ ነው፤ የያዘውን አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። እንደገና የሚሞላው አንድ ኢንዛይም አለ። የዚያ ኢንዛይም አሠራር የተጻፈው አምስተኛው ክሮሞዞማችን ላይ ባለ ጂን ነው፤ ዲ ኤች ኤፍ አር ይሉታል። ስሙን መያዝ አያስፈልግሽም። ሜቶትሬክሴት ኢንዛይሙን አንቆ ይይዘዋል፤ በብዛት ሲሰጥ የካንሰር ሴል መባዛት ያቅተዋል። በፈረንጆቹ 1948 ሲድኒ ፋርበር የሚባል የቦስተን ሐኪም የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሰጠው የዚሁ መድኃኒት ቀዳሚ ነበር።

የአንቺ መጠን ግን ትንሽ ነው፤ ያውም በሳምንት አንዴ። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ መገጣጠሚያሽን እያጠቃ ነው፤ እሱን ያበርደዋል። ካንሰር የለብሽም። ቢኖርብሽ ኖሮ አልደብቅሽም ነበር። እዚህ ላይ እመኚኝ።

ደግሞ እማዬ፣ ኪኒኑን የላክሁት እኔ ባልሆን ትውጪው ነበር።

ይኸው ወጣልኝ። ኅዳር 1995 ወንድም ጋሼ ወባ ይዞት ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ እንዴት እንደነበር አንቺም ታውቂያለሽ። ከጤና ጣቢያ ሦስት ፍሬ የወባ መድኃኒት፣ ፋንሲዳር፣ አምጥቼ በእጄ ሰጠሁት። ሦስቱንም በአንዴ ዋጠ፤ አወሳሰዱም እንደዚያ ነበር። ትኩሳቱ ወረደለት፤ ተነሥቶ ከእኛ ጋር ቡና ጠጣ። ከዚያ ተመልሶ ያዘው። ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቺው ናት በእጇ ያጎረሰችው» አልሽ። ገና ተማሪ ነበርኩ። አንቺ ከዚያ ወዲህ አንሥተሽው አታውቂም፤ እኔም። ግን ከእጄ አስፕሪን እንኳ ወስደሽ አታውቂም። መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ለስንቱ እናት መድኃኒት ስሰጥ ስኖር፣ የራሴ እናት ከጎረቤት ትለምናለች።

አሁን የምነግርሽን ጥብቅና ነው ብለሽ ብትይዢውም ግድ የለኝም። የወባ ተውሳክም የራሱ ዲ ኤች ኤፍ አር አለው። ያለሱ መባዛት አይችልም። ፋንሲዳር ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን የተውሳኩን ኢንዛይም ይይዛል፤ የሰውን እምብዛም አይነካም። የወጣውም ከጆርጅ ሂቺንግስና ከገርትሩድ ኤሊየን ቤተ ሙከራ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራቸው በፈረንጆቹ 1988 ኖቤል ተሸልመዋል። የማንም ጥንቆላ አልነበረም። ግን ተውሳኩ ጂኑን ቀየረ። አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ በኢንዛይሙ 108ኛ ቦታ ላይ ያለው ነገር ሌላ ይሆንና መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ሁለት ሦስት ለውጥ ሲደረብበት ደግሞ ኪኒኑ ከንቱ ይሆናል። ፋንሲዳር በአገራችን ዋናው የወባ መድኃኒት የሆነው በፈረንጆቹ 1998 ነው። በ2004 በኮአርተም ተተካ፤ በየቦታው እየከሸፈ ነበርና። ጋሼ የሞተው በመካከሉ ነው። ጤና ጣቢያው የሰጠኝ የያኔውን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። እኔም የሰጠሁት በትክክል ነው።

ይህን ትምህርት ቤት ስማር ክፍል ውስጥ ብዙዎች ያንቀላፉ ነበር። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ። ቤት ስመጣ ልነግርሽ አስቤ፣ አንቺ ተዝካሩን ስታሰናጂ አገኘሁሽና ዝም አልኩ።

በቃ፣ አሁን ወደ አወሳሰዱ። ለልጁ አታስነብቢው፤ አንቺው ራስሽ አንብቢው፤ ለዚህ ብዬ ነው አጉልቼ የጻፍኩት።

ሜቶትሬክሴቱን እሑድ እሑድ ብቻ። ከቅዳሴ መልስ፣ ከበላሽ በኋላ። ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾሚ ሐኪሙ ቀኑን ወደ እሑድ እንዲያደርገው የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል። እባክሽ፣ በየቀኑ እንዳትወስጂው። በየቀኑ ወስደው የሞቱ አሉ፤ ለማስፈራራት አይደለም። ቁርጥማቱ ቢጸናብሽም አትጨምሪ። ፎሊክ አሲዱም ቢጫ ስለሆነ ይምታታብሻል ብዬ በቀይ ክር አስሬዋለሁ፤ እሱ ሐኪሙ በጻፈልሽ ቀን ነው፣ እሑድ አይሆንም። ለውጡ ቶሎ አይታይም፤ ስድስት ሳምንትም፣ ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል። «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳታቋርጪ።

ሽንት ቢያቃጥልሽ ወይም ቢያስልሽ ማንም ባክትሪም የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት እንዳይሰጥሽ። እሱም ያንኑ የፎሌት መንገድ ይነካል፤ ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ የደም ሴል ያጠፋል። የምትወስጂውን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አፍሽ ቢቆስል፣ ቢያተኩስሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ የእሑዱን ትተሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ዲክሎውንም ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትንኪ። ጠላው ይቅር፤ ለበዓልም ቢሆን። ጉበትሽ ነው የሚከፍለው። ጠበሉን ተጠመቂ፣ ጠጪ፤ ማን ከለከለሽ። ንስሐ አባትሽም መድኃኒትሽን ጣዪ አይሉሽም።

የደም ምርመራው እንዳይዘለል። ገንዘቡን በቴሌብር ለልጁ ልኬለታለሁ። የጉበቱን፣ የኩላሊቱንና የደም ሴሉን ውጤት ፎቶ አንሥቶ ይላክልኝ። ራሴ መጥቼ ባደርስሽ ደስ ባለኝ፤ መንገዱ እንዲህ ከሆነ ወዲህ በመኪና አይታሰብም፣ የአውሮፕላኑንም ዋጋ ታውቂዋለሽ። ለፋሲካ እንሞክራለን። ልጆቹ አንቺን ካላየን ብለው አስቸግረውኛል። ትልቁ እንኳ አይናገርም፤ ግን ሳይናፍቅ አይቀርም።

ይህን የሚያደርስልሽ ሰው ማክሰኞ ይመለሳል። በርበሬም ቅቤም እንዳትልኪ፣ አለኝ። ልቅሶው ላይ ያልሽውን ዛሬም ታምኚበት እንደሆነ ግን ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ከጠየቅኩሽ ስለ ልጆቹ ትጠይቂኛለሽ።

ልጅሽ