የትኛውን ሰልፍ ይጠብቁ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሜሪካ የምኖረው በኤች ዋን ቢ ቪዛ፣ ማለትም ከቀጣሪ ጋር በታሰረ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ነው። አምና ከሥራ ስቀነስ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት የነበረኝ 60 ቀን ብቻ ነበር። ልጄ ሻንጣውን አይታ «ትምህርት ቤቴስ?» ስትል አንጀቴ ተላወሰ። ስለዚህ «ሕግ አክብረን የመጣነው ተረሳን» የሚሉ ወገኖቼ ምሬት ይገባኛል።

ግን ቢሮአችንን ማታ ማታ የሚያጸዱት አባትስ? ወረቀት የላቸውም፤ ግብር ግን ይከፍላሉ። እናታቸው ሲሞቱ ለቀብር አልሄዱም፤ ከወጡ መመለሻ የለማ! መጥረጊያቸውን ይዘው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። «እንደ ሌላው በሕግ ሰልፍ ይዘው ተራ ይጠብቁ» የምንላቸው የትኛውን ሰልፍ ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሴኔት ሁለታችንንም የሚያካትት የስደተኞች ሕግ ረቂቅ 68 ለ32 አሳልፎ ነበር፤ የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ እንኳ አላቀረበውም። ኮንግረሱ ለሥራ የሚሰጠውን ግሪን ካርድ ቁጥር ይጨምር፤ ለእኚህም አባት በር ይክፈት። እኔን ከእሳቸው ጋር አያሻማን።

አንባቢዎ፣ ከሜሪላንድ