የወንዝ ዘገባ ያለ ነፍሳቱ አይሟላም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ወንዝ ሲወራ ዓሣና ቆሻሻ ብቻ ነው የሚነሳው። ድንጋይ ሥር ያሉትን ትንንሽ ነፍሳት ማን ያስታውሳቸዋል? ጅረት ውስጥ የወደቀ ቅጠል መጀመሪያ በፈንገስ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እጮች ይቆራርጡታል፣ ፍርፋሪውና ኩሳቸው ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ድንጋይ ላይ የተጣበቁ ሌሎች እጮች እንደ ሸረሪት በሚያደሩት መረብ ያጠምዱታል። አልጌ የሚፍቁም አሉ። ሥራቸው የተለያየ ስለሆነ አንዱ ዝርያ ሲጠፋ ሌላው ሁሌ አይተካውም። ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ደግሞ የወፍ ቀለብ ናቸው።

ለነገሩ የተቀዳ ውሃ ምርመራ የዚያን ሰዓት ሁኔታ ነው የሚያሳየው። ብዙዎቹ እጮች ግን ለሳምንታት ወይም ለወራት እዚያው ስለሚኖሩ ያለፈውንም ብክለት ይጠቁማሉ። እባካችሁ በቀጣዩ ዘገባችሁ አካቷቸው።