ፈታሹ በተፈታሹ አይቀጠር፦ ስለ ከተማችን ባቡር ለምክር ቤቱ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በከተማ ባቡር ፕሮጀክቶች ላይ ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲሰየም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ቀላል ባቡራችን መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያልተደሰተ የአዲስ አበባ ሰው አላውቅም። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር አገኘን። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ ሥራ በዚህ ፍጥነት ማለቁ በአገራችን የግንባታ ልማድ ብርቅ ስለሆነ፣ ይህን ሳይመሰክሩ ማለፍ ንፉግነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከባቡሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። ተሳፋሪው መግለጫ እስኪሰጥ አልጠበቀም፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰልፉ ርዝመት ተረዳው።

ይህን የምጽፈው ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም። የሚያሳስበኝ ብድሩ ከመፈረሙ በፊት ሊነሡ ይገባቸው የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው። ትኬቱ የተሸጠው ከ2 እስከ 6 ብር ነው፤ መለዋወጫው የሚገዛው ግን በዶላር ነው። ዶላሩ በየዓመቱ ከየት ይመጣል? ወይም ካርታውን እንመልከት፦ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው ሁለቱም ከስታዲየም በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አድርገው እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ላይ ይጓዛሉ። እዚያ መሃል አንድ ባቡር ቢበላሽ ሁለቱም መስመሮች ይያዛሉ። ይህን ለመጠየቅ የባቡር መሐንዲስ መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ መልሱ ግን በወረቀት ተጽፎ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነበረበት።

ታዲያ ማን ይጠይቅ? የቻይናው ኮንትራክተር ሐዲዱንም ባቡሩንም ያቀረበው እሱ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ከሌላ የቻይና ኩባንያ ከሼንዘን ሜትሮ ጋር ሆኖ አገልግሎቱን ሲያስኬድ ነበር። የገዛ ሥራውን እንዲያማ አይጠበቅበትም። ኮንሰልታንት በየትኛውም ፕሮጀክት የሚቆጣጠረው ሥራው በውሉ መሠረት መሠራቱን ነው፤ ኮንክሪቱን፣ ብየዳውን፣ የክፍያ ሰርተፊኬቱን ያያል። ውሉ ራሱ የጎደለው ነገር ካለ ግን ከሥራ ድርሻው ውጭ ነው፤ ደመወዙም የሚከፈለው ከአሠሪው ነው። ዋናው ኦዲተር የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው፤ የክዋኔ ኦዲቱ ቢያገኘውም ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በእነዚህ ሦስቱ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም። የካናዳዋ ዋና ከተማ ኦታዋ ከእኛ በብዙ እጥፍ ሀብታም ናት። ቀላል ባቡሯን ያሠራችው ሥራው በውሉ መሠረት ማለቁን የሚመሰክር ገለልተኛ አረጋጋጭ ቀጥራ ነው፤ ያውም ከተማዋና ሠሪዎቹ በጋራ የቀጠሩት። አረጋጋጩ እ.ኤ.አ. በ2019 ግንቦት ላይ ሠሪዎቹ «ጨርሰናል» ሲሉ አልጨረሳችሁም ብሎ መልሷቸዋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሙከራ ጉዞው ሲጀመር ግን ባቡሮቹ መስፈርቱን ማሟላት አቃታቸው። ያኔ ባቡሩን ከማስተካከል ይልቅ መስፈርቱን አስተካከሉት። ባቡሮቹ ከታቀደላቸው ጉዞ ሊፈጽሙት የሚገባው ድርሻ 98 በመቶ የነበረው 96 ሆነ፤ ከ12 ቀናት 9ኙ ከተሟሉ ይበቃል ተባለ፤ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይወጣሉ የተባሉት 15 ባቡሮች 13 ሆኑ። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ አረጋጋጩ የተስማሙበትን አይቶ ከመፈረም ሌላ ምን ያደርጋል? የከተማዋ ከፍተኛ ኃላፊዎች የየዕለቱን ውጤት በዋትስአፕ ግሩፕ ሲቀባበሉ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ግን አልተነገረውም።

መስመሩ መስከረም ላይ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ባቡር ከሐዲድ ወጣ፤ ከሁለተኛው በኋላ መስመሩ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ። የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ያቋቋመውና በዳኛ ዊልያም ሆሪጋን የተመራው አጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ባወጣው ሪፖርት፣ መረጃው ከምክር ቤቱ መደበቁን የሕዝብ አመኔታን የጣሰ ድርጊት ብሎታል። ይህን ታሪክ ያረዘምኩት ሆን ብዬ ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ የእናንተን ወንበር የያዙት ሰዎች ያልተነገራቸው ሰዎች ስለሆኑ።

ለንደንም ክሮስሬይል በተባለው ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው የባቡር ፕሮጀክቷ ላይ ለአሠሪዎቹ በቀጥታ የሚጽፍ ገለልተኛ ተወካይ ነበራት። ተወካዩ አደጋውን አስቀድሞ ቢጠቁምም፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ይከፈታል የተባለው መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነው። ሪፖርቶቹን ሕዝብ ያያቸው ነገሩ ከፈነዳ በኋላ ነበር። ገምጋሚ መቅጠር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማሳያ አልፈልግም።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። ለባቡሮቹ ጥገና፣ ለመለዋወጫ ግዢም ሆነ በየጊዜው ለሚነሣው የመስመር ማስፋፊያ ቀጣዩ ትልቅ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ምክር ቤቱ በራሱ በጀት የሚከፍለው፣ በራሱ ደብዳቤ የሚሾመውና የሚያሰናብተው የገምጋሚዎች ቡድን ይሰይም። ቡድኑ ባቡሩን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በኩል ደመወዝም ሆነ መኪና አይቀበል፤ አባላቱም በዚያው ፕሮጀክት ጨረታ አይግቡ። ከብድሩ በፊት፣ ከውሉ በፊት፣ ከርክክቡ በፊትና አገልግሎት ከጀመረ ከዓመት በኋላ ያገኘውን በአማርኛ ጽፎ ለእናንተ ያቅርብ፤ እናንተም በወሩ ለሕዝብ አውጡት። የሙከራ መስፈርቱ አስቀድሞ ይታወቅ፤ መለወጥ ካስፈለገ (አንዳንዴ በእርግጥ ያስፈልጋል) ለውጡ በዚያው ሳምንት ለምክር ቤቱ ይነገር።

ባለሙያ የለንም የሚል መልስ እንዳይሰጠኝ እፈራለሁ። አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባቡር ምሕንድስና በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል፤ የአፍሪካ የባቡር የልሕቀት ማዕከልም እዚያው ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከዚያ የወጡት ብዙዎቹ የተማሩትም የሠሩትም ከምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ጋር ነው። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሰው ከውጭ መጨመር ግድ ይላል። ወጪ አለው፤ አልክድም። ግን አንድ የቆመ ባቡር በቀን ስንት ሰው ሳያጓጉዝ እንደሚውል ይሰላ፤ አንዱ ባቡር ከ280 ሰው በላይ እንዲይዝ ነው የተገዛው።

ቡድኑ አዲስ ፕሮጀክት መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያ ሥራው በአያትና በቃሊቲ ዴፖ ገብቶ 41ዱን ባቡሮች አንድ በአንድ ማየት ይሁን፦ የትኛው በምን ዕቃ ቆመ፣ ዕቃው ስንት ነው፣ የትኛውስ ጨርሶ አይነሣም። ይህ ሰነድ በሚቀጥለው የበጀት ውይይት በፊታችሁ ቢኖር፣ የትራንስፖርት ኃላፊዎችን የምትጠይቁት እነሱ ባመጡት ሪፖርት ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ አይሆንም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የከተማው ነዋሪና የባቡሩ ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለአዲስ አበባ ከተማ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር