ለአባባ፣ ስለ ራስልና ስለ ቻምበርሌን

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለጉልበትዎ ቀዶ ሕክምና ቀን እንደተቆረጠ እትዬ ነገረችኝ። የደም ማቅጠኛውን ኪኒን ከስንት ቀን በፊት እንደሚያቆሙ ሐኪሙን ይጠይቁልኝ። በራስዎ ግን አያቁሙት።

ባለፈው ከሁለቱ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ማን ይበልጣል ስንባባል «ራስል 11 ቀለበት፣ ቻምበርሌን 2፤ አለቀ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ቢል ራስል ለቦስተን 13 ዓመት ተጫውቶ 11 ጊዜ የሻምፒዮን ቀለበት ማጥለቁን ማን ይክዳል? ኳስ ሲያግድ እንኳ ወደ ተመልካቹ አይጠልዛትም፤ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ለጓደኛው ያቀብላታል። ባላጋራው ዞር ሳይል ቦስተኖች ሌላው ቅርጫት ሥር ደርሰዋል። በዚህ እስማማለሁ።

ዊልት ቻምበርሌንን ግን በቀለበት ብቻ አይመዝኑት። በ1960 ራስል ራሱ ፊቱ ቆሞ ቅርጫቱን ስተው የነጠሩ 55 ኳሶች (ሪባውንድ) ወሰደበት፤ ጨዋታውን ግን ቦስተን አሸነፈ። አንድ ሰው ያን ሁሉ አድርጎ ሲሸነፍ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው? ማርች 2 ቀን 1962 ሄርሺ ላይ 100 ነጥብ ሲያስቆጥር ከ32 የቅጣት ውርወራ 28 አግብቷል። በዘመኑ ሁሉ ሲታይ ከሁለት አንዱን ብቻ የሚያገባ ሰው! ያን ዓመት ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከጉልበቱ መሃል ወደ ላይ እየለቀቀ ነበር የሚወረውረው። እንዲህ ስትወረወር ኳሷ ለስለስ ብላ ትወርዳለች፤ ብረቱን ብትነካም ርቃ አትነጥርም። እየሠራለት ሳለ፣ ሰው ፊት ያሳፍራል ብሎ ተወው።

ልጽፍልዎ የፈለግሁት ግን ቦስተንና የቻምበርሌን ቡድን ሎስ አንጀለስ ለሻምፒዮንነት ስለተጋጠሙበት ስለ 1969ኙ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ቻምበርሌን ሪባውንድ ይዞ ሲወርድ ጉልበቱ ተጎዳና ወጣ። ቆይቶ «መልሰኝ» ቢል አሠልጣኙ እምቢ አለው። ቦስተን 108 ለ106 አሸነፈ። ራስል በኋላ ሰው ፊት፣ በዚያ ጉዳት መውጣት አልነበረበትም ብሎ ተናገረ። አንድ ገበታ የሚቆርሱ ሰዎች በዚያች ቃል ሃያ ዓመት ያህል ተኳረፉ። በመጨረሻ ይቅርታ የጠየቀው ራስል ነው። ባለ 11 ቀለበቱ። ቻምበርሌን በ1999 ሲሞት ታርቀው ነበርና፣ ራስል በመታሰቢያው ላይ ቆሞ ስለ ወዳጁ ተናገረ።

አባባ፣ እኔም ያን ዓመት ከጨዋታ የወጣሁት ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ነው። እርስዎ ለዘመድ ሁሉ «ሸሸ» አሉ።

ትንሿ ቁመቷ አክስቷን አልፏል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ ራስል ቅርጫቱ ሥር፣ ሴንተር ሆና ትጫወታለች። ስታግድ ኳሷን እንዳትጠልዝ እነግራታለሁ፤ ከእርስዎ የሰማሁትን ነው።

ከሆስፒታል ሲመለሱ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እንዳያንሸራትትዎ እትዬ ምንጣፉን ታንሳው። እሑድ ማታ እደውላለሁ። እባክዎ፣ ስልኩን ለእትዬ አያቀብሏት።

ልጅዎ